ለተከሰሰው ሐኪም የሚቆመው ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?

የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከ3,700 ዓመታት በፊት በጥቁር ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ሕግ ውስጥ ስለ ሐኪም የሚናገሩ አንቀጾች ይገኛሉ። ሐኪሙ በነሐስ ቢላዋ ከባድ ቁስል ከፍቶ ባለማዕረጉን ሰው ያዳነ እንደሆነ ዋጋው 10 ሰቅል ብር ነው፤ ሕመምተኛው የሞተ እንደሆነ ግን የሐኪሙ እጅ ይቆረጣል። የሞተው ባሪያ ከሆነ ቅጣቱ ሌላ ባሪያ መተካት ብቻ ነው። ያ ሕግ የሰውን ሕይወት በመደብ ሚዛን መመዘኑ ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ ያልጠየቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ሕመምተኛው የሞተው በሐኪሙ ጥፋት ነው ወይስ ሐኪሙ ሊያሸንፈው ባልቻለው በሽታ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እጁ የተቆረጠው ሐኪም ነገ ለሚመጣው ሕመምተኛ ምን ይሆነዋል? የሚለው ነው።

ዛሬ በሽተኛ ስለሞተ የሐኪም እጅ አይቆረጥም። ይሁንና የሐሙራቢ አስተሳሰብ ከሰው ልብ ጨርሶ አልወጣም። ለመውለድ በእግሯ ሄዳ ሆስፒታል የገባች እናት በሬሳ ሣጥን ስትወጣ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ገደላት?» የሚል ነው። ጥያቄው ከጥልቅ ሐዘን የመነጨ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ፖሊስ ይጠራል፤ መዝገብ ይከፈታል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ይመሠርታል። ትናንት ነጭ ጋዋን ለብሶ ሲታዘዝ የነበረው ሰው ከተከሳሽ ሣጥን ይቆማል፤ ከጎኑም ጠበቃው ይቀመጣል። ያኔ ከሐዘንተኞቹ ወንበር ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ «ሰው በእጁ ለሞተበት ሰው ደግሞ ጥብቅና ይቆማል? ለመሆኑ ይህ ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?»

ሕግ ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ሁሉ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ ጥፋተኛ እንዳይባል፣ በመረጠው ጠበቃም እንዲወከል መብት ሰጥቶታል። ሌባም፣ ነፍሰ ገዳይም፣ ሐኪምም በዚህ መብት እኩል ናቸው። ነገር ግን መብቱ መኖሩን ማወቅ የሐዘንተኛዋን ልብ አያሳርፍም። ከሕጉ ባሻገር ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ሌላ ነው። የሐኪሙ መከላከያ ከሟች ቤተሰብ እውነትን የሚሰውር ግንብ ነው ወይስ እውነት የሚወጣበት በር?

ይህን ለመመለስ በቅድሚያ ስሕተትን ከወንጀል መለየት ያስፈልጋል። የሀገሪቱ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ድርጊቱን ሲፈጽመው ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይሆናል። ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ሰው ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። በአንጻሩ ይኸው ሕግ በአንቀጽ 69 የሙያ ተግባሩን ተቀባይነት ባገኘው የሙያው አሠራር መሠረት የፈጸመና ከባድ የሙያ ጥፋት ያላደረገ ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል። በአንቀጽ 59 ደግሞ ቸልተኝነት ሲመዘን የሰውየው ዕድሜ፣ ልምድ፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ዓይነት እንዲታይ ያዛል። ከሐሙራቢ ድንጋይ እስከዚህ ድረስ የተጓዘው መንገድ ረጅም ነው። ያ ሕግ ውጤቱን ብቻ ያያል፤ ይህኛው ከውጤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሰውየውን ግዴታ፣ ዕውቀትና ሁኔታ ይመረምራል።

ሐኪሙና አሽከርካሪው በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ይቁሙ እንጂ ሁኔታቸው አንድ አይደለም። አሽከርካሪው አደጋውን ራሱ ይዞት ይመጣል፤ መኪናው ባይነሣ ኖሮ እግረኛው በሰላም ቤቱ ይገባ ነበር። ሐኪሙ ግን አደጋውን ቀድሞት ደርሶ ያገኘዋል። ሕመምተኛው ወደ እሱ የመጣው ሞት ስላሰጋው ነው። ሐኪሙ እጁን ቢያስገባ ሊሳሳት ይችላል፤ እጁን ቢሰበስብ ደግሞ በሽታው ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ማለት ግን ሐኪም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ሕመምተኛው ሰውነቱን ገልጦ፣ ማደንዘዣ ወስዶ፣ ራሱን ሳያውቅ ሁለመናውን አምኖ የሰጠው ለዚህ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አመኔታ የተጣለበት ሰው ከሌላው የበለጠ እንጂ ያነሰ ኃላፊነት ሊኖረው አይችልም። የነገሩ ክብደት ያለው በዚህ ቅራኔ ላይ ነው፤ ሥራው ከአደጋ የማይለይ፣ ኃላፊነቱም ከሁሉ የከበደ ሰው እንዴት ይዳኝ?

ቅራኔው በተጨባጭ የታየበት አንድ ጉዳይ በእንግሊዝ ሀገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2011 አንድ የ6 ዓመት ሕፃን በሌስተር ከተማ ሆስፒታል ገባ። የተቀበለችው በሕፃናት ሕክምና በመሠልጠን ላይ የነበረች ዶክተር ሐዲዛ ባዋ-ጋርባ ነበረች። ሐኪሟ ከረጅም የወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። በዚያ ቀን የሌሎችን ሥራ ደርባ በተለያዩ ክፍሎች የተኙ ሕፃናትን ትከታተል ነበር። በበላይነት ሊቆጣጠራት የሚገባው ከፍተኛ ሐኪም እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከሆስፒታሉ ውጭ ነበር። የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ተቋርጦ ስለነበር የደም ምርመራ ውጤቶች ለሰዓታት ዘገዩ። ሕፃኑ የሳንባ ምችና ወደ ደም የገባ ብርቱ መመረዝ ነበረበት። ሐኪሟ ግን የበሽታውን ክብደት በጊዜው አልተገነዘበችም፤ የራጁን ውጤትም ያየችው ዘግይታ ነው። ማምሻውን ልቡ ሲቆም ከሌላ ሕፃን ጋር አሳስታው ነፍስ የማዳኑን ሥራ ለአጭር ጊዜ አስቆመች፤ ይህኛው ስሕተት ለሞቱ ምክንያት እንዳልሆነ ኋላ በፍርድ ቤት ታምኖበታል። ሕፃኑ በዚያው ምሽት አረፈ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሕዝብ ዳኞች ሸንጎ ሐኪሟን በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላት፤ የ2 ዓመት እስራትም በገደብ ተፈረደባት። አብራት የሠራች አንዲት ነርስም ተቀጣች። በ2017 የሙያው ዳኞች ጉባኤ ሐኪሟን ለ12 ወራት ከሥራ አገደ። የሐኪሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ምክር ቤት ግን ቅጣቱ አነሰ ሲል ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደውና በጥር 2018 ስሟ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። በዚህ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሐኪሞች ገንዘብ አዋጡ፤ ለጥብቅናዋ የተሰበሰበው ከ300,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። በነሐሴ 2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስረዛውን ሽሮ እገዳውን መለሰ። የወንጀሉን ፍርድ አልነካም፤ ዳግመኛም አልመረመረም። የሙያው ጉባኤ የሆስፒታሉን የአሠራር ጉድለቶች ማመዛዘኑ ትክክል እንደነበረ ግን አረጋገጠ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ወገኖች ሁለት ትምህርት ወሰዱ። የሕፃኑ ወላጆች ጥፋተኛ የተባለችው ሐኪም ወደ ሥራ መመለሷን እንደ በደል ቆጠሩት። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ «በሷ ቦታ ብንሆን እኛም እንከሰስ ነበር» ሲሉ ፈሩ። ሁለቱም ስሜቶች እውነተኞች ናቸው። ሕፃኑ ሊድን ይችል የነበረ ሕፃን ነው፤ የሐኪሟም ስሕተቶች እውነተኛ ስሕተቶች ናቸው። በዚያው ቀን የነበሩት የሰው እጥረት፣ የኮምፒዩተሩ መቋረጥና የተቆጣጣሪው አለመኖርም ማንም የፈጠራቸው ሰበቦች አይደሉም። ታዲያ ክሱ የሐኪሟን ስሕተቶች ብቻ አንድ በአንድ ቢዘረዝር፣ ሌላውን ማን ይናገረው?

የጠበቃው ተግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ደግ ሰው መሆኑን በማስመስከር ብቻ ተግባሩን አይፈጽምም፤ ሦስት ጥያቄዎችን እስከ መጨረሻው መከተል አለበት። የመጀመሪያው፣ የተደረገው ነገር ተቀባይነት ካገኘው የሙያው አሠራር ምን ያህል ራቀ? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሕመምተኛውን የገደለው ያ ድርጊት ነው ወይስ በሽታው? የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ ነበር፣ ምንስ በእጁ ነበረው? የሚለው ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ሞቱ ከታወቀ በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ያያል። በሌሊቱ ውስጥ የነበረው ሐኪም ግን ያንኑ ምልክት ያየው ከሌሎች መቶ ምልክቶች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዳኛው በውጤቱ ብርሃን ሳይሆን በዚያች ሌሊት ብርሃን እንዲያይ የሚያደርገው በሚገባ የቀረበ መከላከያ ነው። ለዚህም ከክሱ ጋር ያልተነካካ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ምስክር ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ምርመራ ሐኪሙን ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም፤ ሊያወጣውም አይገባም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1987 በአንድ የዓይን ቀዶ ሕክምና ላይ ሕመምተኛው አየር የሚያገኝበት ቱቦ ተላቀቀ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ዶክተር አዶማኮ ይህን ሳያስተውል ደቂቃዎች አለፉ፤ የማስጠንቀቂያው ደወል ከጮኸም በኋላ የቱቦውን መላቀቅ አላየም። ሕመምተኛው ልቡ ቆመ፤ ኋላም ሞተ። በክሱ ላይ የቀረቡት ባለሙያዎች ማንኛውም ብቁ የማደንዘዣ ሐኪም ይህን በሰከንዶች ውስጥ ሊያይ እንደሚገባው መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የሀገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ጥፋተኝነቱን አጸና። ጠበቃ ነበረው፤ የይግባኝ ደረጃዎች ሁሉ ተከፍተውለት ነበር፤ መከላከያው ተሰምቶ ሚዛን ላይ ወጣና ሳይበቃ ቀረ። እንዲህ ተሰምቶ የተሰጠ ፍርድ ለሟች ቤተሰብም ጽኑ ፍርድ ነው።

መከላከያው ሚዛን የደፋበት ምሳሌ ደግሞ በሕንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በሉዲያና ከተማ አንድ አዛውንት ሕመምተኛ መተንፈስ አቅቷቸው ሳለ የመጣው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ እስኪመጣ አረፉ። ሐኪሞቹ በወንጀል ተከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ክሱን ዘጋው። ሲሊንደሩ ባዶ ለመሆኑ ሆስፒታሉ በፍትሐ ብሔር ሊጠየቅ ይችል ይሆናል፤ ሐኪሞቹን ወንጀለኛ ለማድረግ ግን ተራ ጉድለት አይበቃም፤ ከባድ ቸልተኝነት መታየት አለበት አለ። አያይዞም የሌላ ብቁ ሐኪም ገለልተኛ አስተያየት ሳይቀርብ በሐኪም ላይ የወንጀል ክስ እንዳይታይ መመሪያ ሰጠ። ኒውዚላንድም እ.ኤ.አ. በ1997 ሕጓን አሻሽላ በወንጀል የሚያስጠይቀው ከሚጠበቀው ጥንቃቄ በእጅጉ መራቅ ብቻ እንዲሆን ደነገገች።

ይሁንና የሐዘንተኛዋ ጥርጣሬ ከመሬት የመነጨ አይደለም። የሕክምናው መዝገብ ያለው በሆስፒታሉ እጅ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን የሚያነቡት ሐኪሞች ናቸው። ምስክር ሆኖ የሚጠራው ሰው የተከሳሹ የትምህርት ቤት ጓደኛ ወይም አስተማሪ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ ሐኪሞችን ለመከላከል የተቋቋመው የሐኪሞች መከላከያ ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ መነሻውም በሐሰት ውንጀላ ታስሮ ኋላ በምሕረት የተፈታ የአንድ ሐኪም ጉዳይ ነበር። ለተበደለ ባልደረባ መቆም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሙያ አንድነት ከእውነት ጋር የመጣ እንደሆነ ብቻ ነው የሚከበረው። መዝገብ የሚደልዝ፣ ገጽ የሚገነጥል፣ ለቤተሰቡ «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም መከላከያውን ራሱ በእጁ አፍርሶታል። እንዲህ ያለውን ድርጊት እያወቀ የሚሸፍን ጠበቃም ጠበቃ መባሉ ቀርቶ ግብረ አበር ይሆናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአበው ቃል የሚሠራው ለሕመምተኛ ብቻ አይደለም። ለሐኪምም ይሠራል። ይህን ቀድሞ የተረዳ አንድ ደራሲ በሩስያ ነበር። ሐኪምም ደራሲም የነበረው ቪኬንቲ ቬሬሳየቭ እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው «የሐኪም ማስታወሻዎች» በተሰኘው መጽሐፉ የወጣት ሐኪምን አለማወቅና በሕሙማን ላይ የሚደርሰውን ስሕተት ሳይደብቅ ጻፈ። ብዙ ሐኪሞች «ሙያውን አዋረደው» ብለው ተነሡበት። ነገር ግን መጽሐፉ ለአንባቢ ያሳየው ሐኪም ስለ ሰራቸው ስሕተቶች እንቅልፍ የሚያጣ ሰው መሆኑን ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ በዚህ ረገድ ቀላል አይደለም። ሐኪሙን መልአክ አድርጎ የሚስለው ድራማና ገንዘብ ብቻ የሚያሳድድ ጨካኝ አድርጎ የሚያሳየው ድራማ ሁለቱም ሕዝቡን ለፍርድ አያዘጋጁም። የመጀመሪያው ሲሳሳት ይቅር የማይባል ሰው ይፈጥራል፤ ሁለተኛው ሳይሳሳት የሚፈረድበትን።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የራሱ መልክ አለው። ከወረዳ ሆስፒታል ሌሊቱን ብቻውን የሚያድር ወጣት ሐኪም ደም ሲያጣ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚወስድ አምቡላንስ ሲዘገይ የሚወስነው ውሳኔ በቂ መሣሪያ ካለው ሆስፒታል ውሳኔ ጋር በአንድ መስፈሪያ ሊሰፈር አይችልም። በአንጻሩ ደግሞ እጥረት የሁሉ ነገር ማምለጫ መሆን የለበትም። ደም አለመኖሩ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፤ የደም ግፊቷን ሳይለካ ወላዷን ትቶ መተኛቱ ግን ጥፋቱ ነው። ይህን ከዚያ የሚለየው በሰዓቱ በሐቅ የተጻፈ መዝገብ፣ የሙያውን ሥነ ምግባር የሚመረምር ገለልተኛ ኮሚቴና ጉዳዩን የሚያውቅ ጠበቃ ነው። ለሌስተሯ ሐኪም ባልደረቦቿ ከ300,000 ፓውንድ በላይ አዋጡላት። ለወረዳው ሐኪም፣ ይልቁንም ለአዋላጇና ለነርሷ፣ ማን ያዋጣል? ሕገ መንግሥቱ ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ለሚጓደልበት ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ሆኖም ተከላካይ ጠበቃው የሕክምና መዝገብ ማንበብ ካልቻለ፣ ገለልተኛ የሙያ ምስክርም ካላገኘ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሚደፋው ከሁሉ በታች ባለው እጅ ላይ ነው። ባዶውን ሲሊንደር የላከው፣ አምቡላንሱን ያላስጠገነው፣ አንድን ሰው ለ36 ሰዓት በሥራ ላይ ያቆመው ኃላፊ ስሙ እንኳ አይነሣም። በሚቀጥለው ወር ሌላ እናት በዚያው አልጋ ላይ ትተኛለች።

በጥንቱ የሀገሪቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ድረስ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ይጓዙ ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ካለበት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ያለ ሌላው ወዴትም አይሄድም። በዚህ ልማድ ውስጥ አስተዋይነት አለ። የሟች ቤተሰብና የተከሰሰው ሐኪምም በእውነቱ ቁራኛ ናቸው። ቤተሰቡ የሚፈልገውን እውነት የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን ዕረፍት ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ ያ እውነት ለቤተሰቡ መነገሩ ነው። አንዱ ብቻውን ዳኛ ፊት የደረሰ እንደሆነ ፍርዱ ግማሽ ይሆናል።

ስለሆነም ለተከሰሰው ሐኪም የሚቆመው ጠበቃ በሐቅ ከቆመ ለሐኪሙ ብቻ አይቆምም። የስሕተቱን ሥር እስከ መጨረሻው በመቆፈሩ ለሟች ቤተሰብ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ ያስገኛል፤ ያ ሥር በመታወቁም ስማቸው ገና ያልታወቀ ሕሙማን ይድናሉ። ጥፋቱ የሐኪሙ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ይቀጣ፤ የአሠራሩ ሆኖ ከተገኘ አሠራሩን የያዙት ይጠየቁ፤ የሁለቱም ከሆነ ለሁለቱም እንደየድርሻቸው ይሰፈር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርድ ቤት ሊያዝዘው የማይችል አንድ ነገር ይቀራል። በሕግ ነፃ የወጣ ሐኪም በእጁ የሞተውን ሰው ቤተሰብ ሄዶ የማነጋገር ዕዳ አለበት። ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተሳተ፣ ምን ሊደረግ ይችል እንደነበረ በሚገባቸው ቋንቋ ሊነግራቸው ይገባል። ይህን የሚያደርግ ሐኪም ዛሬ ብዙ አይደለም፤ ቃሉ በማግሥቱ ክስ ሆኖ እንዳይመጣበት ይፈራልና። ፍርሃቱን በደካማ መከላከያ ላይ የተመሠረተ ፍትሕ ያባብሰዋል፤ እውነትን ከተራ ስሕተት፣ ስሕተትንም ከወንጀል ለይቶ የሚመዝን ፍትሕ ያቀልለዋል። ሐዘንተኛዋ እናት የምትጠብቀው ሐኪም በሯን አንኳኩቶ ሊገባ የሚችለው እንዲህ ያለ ፍትሕ ሲኖር ነው።